በጎ ፈቃደኞቻችን ለምን ጭልጥ ይላሉ? የድሬና የሐረር ልጆች፣ እስቲ እንነጋገር

የመክፈቻ ፖስት

ሰላም ጀመዓ፣ እንዴት ከረማችሁ። አንድ ነገር ሲከነክነኝ ስለቆየ እዚህ ላውጣው።

ደም ለቸገረው ታማሚ ለጋሽ የምናፈላልግበትን የቴሌግራም ግሩፕ አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። የጠፋ መታወቂያም እዚያው ይለጠፋል። ከገጠር ለሕክምና መጥቶ የት እንደሚሄድ የጨነቀው ሰውም እዚያው ይጠይቃል። አባሉ በየጊዜው ይጨምራል። የሚሠራው ሰው ግን ይቀንሳል። አዲስ ልጅ ይመጣል፣ በሙሉ ልቡ ይጀምራል፣ በሌሊት ሳይቀር ስልክ ያነሳል፣ ከዚያ አንድ ቀን ጭልጥ ይላል። ለምን የሚል የለም። ሌላ ልጅ እንፈልጋለን፣ እሱም በተራው ይጠፋል።

ትውልዱ ሰነፈ፣ ታማኝ ሰው ጠፋ የሚለውን ወሬ አልቀበልም። እነዚህ ልጆች ሰነፍ ቢሆኑ መጀመሪያውኑ አይመጡም ነበር። የሚያስኬዳቸው እኛ ሥራውን የምናከፋፍልበት መንገድ ይመስለኛል። የማትስማሙ ተከራከሩኝ። ጥላችሁ የሄዳችሁ ካላችሁ ደግሞ በተለይ እናንተ ጻፉ፣ ማንም አይወቅሳችሁም።

ተጨማሪ፦ የውይይቱ ክር ስለረዘመ ዘግይታችሁ ለመጣችሁ ምላሾቹን በቁጥራቸው እየጠራሁ ከዚህ በታች ጨምቄያቸዋለሁ። የማንንም ቃል አልገለበጥኩም፣ ስምም አላነሳሁም። አስተያየቴን ግን በየመሃሉ እላለሁ።

1ኛው ምላሽ ከሳቢያን ነው፣ ጨዋ አጻጻፍ ነው። ነገሩን ምስጢር አታድርጉት ይላል። ሰው ይመረቃል፣ ሥራ ያገኛል፣ አዲስ አበባ ይሄዳል፣ ያገባል፣ ይወልዳል። እሱ ራሱ ያቆመው ልጁ ስትወለድ ነው፣ ከማንም ጋር ተጣልቶ አይደለም። ብዙ ሰው ወደደለት። እውነትም ነው። ግን ልጅ የወለደ ሰው በሳምንት አንዲት ሰዓት እንኳ እንዴት አጣ? እኛ ጋ ያለው ወይ ቀኑን ሙሉ መሥራት ወይ ጭራሽ መቅረት ስለሆነ ነው። መሃሉን አዘጋጅተንለት አናውቅም።

2ኛው ፖስቴ ላይ እርማት አለው። አባል በዛ ማለት ሠራተኛ በዛ ማለት እንዳልሆነ፣ የትም ቢሆን አብዛኛው ሰው አንባቢ ብቻ እንደሆነ አስረዳ። የድረ ገጽ አጠቃቀም ተመራማሪው ያኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ2006 የጻፈውን ጠቀሰ። ኢንተርኔት ላይ ከተሰባሰበ መቶ ሰው 90ው ያነባል፣ 9ኙ አልፎ አልፎ ይሳተፋል፣ አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው የቀረው 1 ሰው ነው የሚል ነው። ግምት እንጂ ሕግ አይደለም፣ 2ኛውም ይህንን አልሸሸገም። ነጥቡ ግን ገብቶኛል። አንድ ልጅ ሲሄድብን ከሺዎቹ አባላት አንዱን ያጣን ይመስለናል፣ ያጣነው ግን ከጥቂቶቹ ሠራተኞች አንዱን ነው።

3ኛው ነገሩን በምርቃና አሳበበ። ከምሳ በኋላ፣ ድሬ ሱቁን ዘግቶ ከሙቀት በሚሸሸግበት ሰዓት፣ ግሩፑ ይደምቃል። ሁሉም አለሁ ይላል። እደውላለሁ፣ አጣራለሁ፣ ሆስፒታል ድረስ ሄጄ አያለሁ ይላል። ማታ ላይ ሥራው ያው ሁለት ሦስት ሰው ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ሰው አልሄደብንም፣ መጀመሪያውንም አልመጣም ነው ክርክሩ። ሁለት ሰዎች ተቆጡ፣ የማይቅመውም ቃሉን ያጥፋል ብለው። እኔ ግማሹን እቀበላለሁ። ስሜቱ ሲሞቅ ቃል የገባን ሰው በማግስቱ ጠዋት ደውሎ የትኛዋን ሰዓት እንደሚይዝ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልገናል። ያንን ስልክ የሚደውል የለም።

4ኛው የጁገል ልጅ ነው፣ ሐረር ተወልዶ ያደገ። የጻፈው ስለ እኛ ግሩፕ ሳይሆን ማንም ገብቶ መጻፍ ስለሚችልበት አንድ የአማርኛ ድረ ገጽ ነው። ስለ ጁገል አምስቱ ጥንታዊ በሮች መጻፍ ጀምሮ ነበር። በግንብ የታጠረው ከተማ እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ተማሪ ነበር፣ ያኔ የተሰማው ኩራት ነው ያስጻፈው። ብዙ ምሽት የለፋበት ጽሑፍ በነጋታው ተሰርዞ አገኘው። ምክንያት አልተጻፈለትም። የቱ ጋ እንደተሳሳተ ቢነግሩት አስተካክሎ ይመልሰው ነበር። ጠየቀ፣ መልስ የለም። ከዚያ ወዲያ እዚያ ድርሽ አላለም።

5ኛው ለ4ኛው የሰጠው መልስ ረጅም ነው። እኔም ላስረዝመው፣ በማስረጃ የቆመ ክርክር ስለሆነ። እንግሊዝኛው ውክፔዲያ በወር ቢያንስ አምስት ጊዜ የሚያርምን ሰው ንቁ አርታኢ ይለዋል። እነዚህ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ከ50 ሺህ በላይ ደርሰው ነበር። ከዚያ ቁልቁል ሄደ፣ በ2013 ከ30 ሺህ ብዙም አይዘሉም ነበር። አንባቢው ደግሞ በጣም ብዙ ነው። የእኛው ግሩፕ ችግር በትልቁ ማለት ነው። አሮን ሃልፋከር የሚባል ተመራማሪ ከሦስት ባልደረቦቹ ጋር ምክንያቱን አጥንቶ በ2013 አሳተመ። አዲስ የሚመጡት ሰዎች ከበፊቶቹ የባሱ ሆነው አልተገኙም። በቅን ልብ የሚመጣው ሰው አሁንም ይመጣል። የተበላሸው አቀባበሉ ነው። አጥፊን ለመከላከል የተሠሩ ቦቶች (በራሳቸው የሚሠሩ ፕሮግራሞች) እና ፈጣን መሣሪያዎች የደህናውንም ሰው የመጀመሪያ ሥራ መሰረዝ አበዙ። የመጀመሪያ ሥራው የተሰረዘበት ሰው ደግሞ የመቅረት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ደንቡም እየደረቀ ስለሄደ አዲስ ሰው ሐሳብ የሚጨምርበት ቀዳዳ ጠበበ።

ከዚያ 5ኛው ወደ እኛ ዞረ። እኛም ጋ ቦት አለ። በ2016 ዓ.ም. ሐምስተር ኮምባት የሚባለው የቴሌግራም ጨዋታ ግብዣ ግሩፑን ባጥለቀለቀ ጊዜ ነው የገባው። ሊንክ የለጠፈን ሁሉ ጠራርጎ ያስወጣል። አንዲት አዲስ ልጅ አንድን ታማሚ ለመርዳት ብላ የሆስፒታሉን የካርታ ሊንክ ላከች፣ ቦቱ አባረራት። ተመለሺ ያላት የለም። አጭበርባሪዎቹ ቀሩ፣ እሷም አብራ ቀረች።

ከ6 እስከ 8 ያሉት የትኛው ቦት ይሻላል የሚል ክርክር ስለሆነ ዝለሏቸው። 7ኛው ግን ቦቱ ያስወጣቸውን ሰዎች ዝርዝር በየማታው አንድ ሰው ይየው ብሏል። ይህቺ ትያዝ።

9ኛዋ ሴት ናት፣ ከነምበር ዋን። ወንዶች ተሰብስባችሁ ስለ ቁጥር ታወራላችሁ ብላ ነው የጀመረችው። የግል ስልኳ ደም ፈላጊ ይደውልላት ተብሎ ግሩፑ ላይ ተለጠፈ። ደም ፈላጊው ደወለ፣ አዎ። ከእሱ የበለጠ ግን ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ እንቅልፍ እምቢ አለኝ የሚል ወንድ ደወለ። ኢንቦክሷ ላይ የሚላከውን ፎቶ መጻፍ አስጠላት። ለአድሚን ስትናገር ብሎክ አድርጊው ተባለች። አንዱን ብሎክ ስታደርግ ሌላው ይመጣል። እጮኛዋ ማነው በሌሊት የሚደውለው ማለት ጀመረ። ወጣች። ምክንያቷን የጠየቃት ሰው እስከዛሬ የለም።

10ኛው ይህን አቃለለው። ብሎክ የሚባለው ነገር ለምን ተሠራ አለ፣ ለቀልድ የተላከ ነገር ማክበድ ነው አለ። 11ኛዋ፣ ሌላ ሴት፣ አልማረችውም። የተጠቀመችውን ቃል አልደግመውም። ሐሳቡ ግን አንድ ሳምንት በሴት ስም አገልግልና ከዚያ ስለ ቀልድ ታወራለህ የሚል ነው። 12ኛው ደግሞ ክሩ ይዘጋ አለ፣ ስድብ ውስጥ ገባችሁ ብሎ። አይዘጋም። ከዚህ ክር ውስጥ ሳይዘጋ መቅረት ያለበት ይሄ ክፍል ነው። እኔ ከ9ኛዋና ከ11ኛዋ ጋር ነኝ። የበጎ ፈቃደኛን የግል ስልክ ግሩፕ ላይ መለጠፍ ዛሬውኑ ይቁም። ለግሩፑ አንድ ሲም ይውጣ፣ ተረኛው ይያዘው፣ ተራው ሲያልቅ ያስረክብ። በየሌሊቱ የሚደውለው ሰውም ያኔ ማን እንደሚያነሳው አያውቅም። 10ኛው ዘግይቶ ይቅርታ ጠየቀ። 9ኛዋ አልመለሰችለትም፣ የመመለስ ግዴታም የለባትም።

13ኛው ስለ ዳታ ዋጋ ነው። በጎ ፈቃደኛው ፓኬጅ የሚገዛው ከኪሱ ነው፣ አብዛኛው ደግሞ ተማሪ ነው። ትክክል። እዚህ ጋ ግን ክሩ ሾለከ። አንዱ ሳፋሪኮም በነሐሴ 2014 ኔትወርኩን መጀመሪያ የከፈተው ድሬ ላይ እንደሆነ አስታወሰ። ሌላው ገንደ ቆሬ ላይ የትኛው ሲም እንደሚሻል ጠየቀ። የሐረሩ 4ኛ ሰው ተመልሶ መጥቶ እናንተ ዳታ ትጠብቃላችሁ፣ እኛ ውሃ እንጠብቃለን አለ። የድሬና የሐረር ነገር ከተነሳ አያልቅም፣ እስከ 17 ድረስ ሄደ።

18ኛው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። በሐምሌ 1998 መጨረሻ የድሬው ደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው ሲያልቅ ያዩትን ጻፉ። ሰው ከእንቅልፉ እየተነሳ ወጣ። ብርድ ልብስ ያመጣ ነበር፣ ምግብ አብስሎ የሚያዞር ነበር፣ የማያውቀውን ሰው ሬሳ ሲፈልግ የዋለ ነበር። ቴሌግራም የለም፣ አድሚን የለም፣ ጥሪ ያስተላለፈ የለም። ያ ሰው አሁን የት ገባ ነው ጥያቄያቸው። ሳነብበው ቆየሁበት።

19ኛው በአክብሮት መለሰላቸው። ያ ሰው አሁንም አለ፣ ነገም ቢሞላ ይወጣል። ግን ጎርፉ ማብቂያ ነበረው። ሰውየው የቻለውን ሠርቶ ወደ ቤቱ ተመለሰ፣ ለምን ተመለስክ ያለው የለም። እኛ ግሩፕ ውስጥ የገባ ልጅ ግን መቼ እንደሚያበቃለት አያውቅም። አበቃሁ ካለ እንደ ከዳተኛ ይታያል። ስለዚህ ሳይናገር ይሄዳል። ወላሂ፣ እኔ በመክፈቻው ላይ ልል ፈልጌ ያልመጣልኝ ይሄ ነው።

20ኛው አፎሻን፣ እንደ እድር ያለውን የሐረሪዎች መረዳጃ ማኅበር፣ አነሳ፣ የሐረሪ ልጅ ነው። አፎሻ ላይ አንድ ሰው ከለቅሶ ወይም ከሠርግ ከቀረ ዝም አይባልም። ታሞ እንደሆነ፣ ቸግሮት እንደሆነ ይጠየቃል፣ ያለ ምክንያት ከቀረ ደግሞ ይቀጣል። መቀጣቱ ራሱ መፈለጉን ያሳያል። ቴሌግራም ላይ ሰው ሲወጣ ግሩፑን ለቀቀ የምትል አንዲት መስመር ትመጣለች፣ እሷንም ቦቱ ወዲያው ያጠፋታል። 21ኛው አልተዋጠለትም። አፎሻ ውስጥ አባትህ አለ፣ ጎረቤትህ አለ፣ ነገ ለቅሶ የሚደርስልህ ሰው አለ። የማያውቁትን ሰው ለማገልገል በስልክ የተሰባሰቡትን ልጆች ቅጣት ብትላቸው በዚያው ሌሊት ባዶ ቤት ይቀርሃል አለ። ቅጣቱን በተመለከተ 21ኛው ልክ ነው። መጠየቁን በተመለከተ ግን 20ኛው ልክ ነው። ለመጠየቅ ዝምድና አያስፈልግም።

22ኛው ሁላችንንም ገረፈን። የሰው ጉልበት በነጻ እየበላችሁ ለምን ሄደ ትላላችሁ አለ። አሜሪካ ኦንላይን የሚባለው የኢንተርኔት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የቻት ክፍሎቹን የሚጠብቁለት በሺዎች የሚቆጠሩ ፈቃደኞች ነበሩት። እ.ኤ.አ. በ1999 ከእነሱ መካከል የነበሩ ሁለት ሰዎች የሠራተኛ ሥራ ሠርተን አልተከፈለንም ብለው ከሰሱት። ክሱ አስር ዓመት ገደማ ፈጅቶ በ15 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ። ሬዲት በሚባለው የውይይት ድረ ገጽ ላይም በሰኔ 2023 እ.ኤ.አ. ኩባንያው የውጭ መተግበሪያዎችን ላስከፍል ሲል፣ ያለ ክፍያ የሚያስተዳድሩት ሰዎች በሺዎች የሚቆጠሩ መድረኮችን ዘጉበት። 22ኛው እኛንም ከእነዚህ ጋር ደመረን። እኛ ግን የምናተርፈው ሳንቲም የለም፣ ደምም አንሸጥም። ይህንን ያለ በቂ ምክንያት ነው የተናገረው። የሬዲቶቹ ቁጣ ግን አንድ ነገር ይነግረናል። ለዓመታት በነጻ ሲሠሩ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ያስቆጣቸው እጃቸው ያለበት ነገር ሳይማከሩ መወሰኑ ነው። እኛ ጋ ያንን ቦት ያስገቡት አድሚኖች ናቸው፣ የሚሠሩት ልጆች አልተጠየቁም።

23ኛዋ በኮሮና ጊዜ ነው የገባችው። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሁሉም ቤቱ ስለነበር ግሩፑ በሰው ሞልቶ ነበር። በሰኔ 2012 መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋረጠ፣ ለሳምንታት። ሲመለስ ብዙዎቹ አልተመለሱም። የተጣላም የተቀየመም የለም። ልማዱ ተቆረጠ፣ በቃ። በዚያን ሰሞን መደበኛ ስልክ ይሠራ ነበር። ደውሎ ኢንተርኔቱ ሲመጣ እንጠብቅሃለን ያለ ሰው ቢኖር ግማሹ ይመለስ ነበር ብላ ታምናለች። እኔም አምናለሁ።

24ኛዋ ከመጋላ ናት። ይህን ምላሽ ሙሉውን አንብቡት፣ እኔ የማቀርበው አጥንቱን ነው። ድሬ ላይ ጥያቄ በአማርኛ ብቻ አይመጣም። በኦሮምኛ ይመጣል፣ በሶማሊኛ ይመጣል። ሦስቱንም የምትጽፈው እሷ ብቻ ነበረች። መጀመሪያ ኮራችበት። እየቆየ ግን የአማርኛው ጥያቄ ለስምንት ሰው ሲከፋፈል፣ የሁለቱ ቋንቋ ጥያቄ በሙሉ በእሷ ስም ታግ እየተደረገ ይመጣ ጀመር። እናቷን ሱቅ እያገዘች ትመልሳለች። በረመዳን ማፍጠሪያ ላይ ትመልሳለች። የሚያግዛት ሰው ጠይቃለች፣ አንቺ እኮ ጎበዝ ነሽ ነው የተባለችው።

አንድ ሌሊት ከሽንሌ የመጣ ሰው ሚስቱ ወልዳ ደም ሲፈሳት ለጋሽ ፍለጋ በሶማሊኛ ጻፈ። እሷ ተኝታ ነበር። እስኪነጋ ድረስ መልእክቱን የነካ ሰው የለም። በትርጉም መተግበሪያ አይቶ አንዲት መስመር የመለሰለት የለም። ደሙ በሌላ በኩል ተገኝቶ ሴትየዋ ተርፋለች። ጠዋት ልጅቷ ስልኳን ስትከፍት የጠበቃት ግን የት ነበርሽ የሚል ነው፣ ያውም ከብዙ ሰው። መልስ አልጻፈችም። ግሩፑን ለቀቀች።

ከዚያ በኋላ ስለ እሷ የተወራውን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ተኮፈሰች ተባለ። ሰው ሲሄድ ጠባዩን ነው የምንመረምረው። የስንት ሰው ሥራ ብቻዋን ተሸክማ እንደነበር የቆጠረላት የለም። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ቆጠራው ቀላል ነበር። ስሟ ስንት ጊዜ ታግ እንደተደረገ ግሩፑ ውስጥ ፈልጎ ማየት ብቻ ነው።

25ኛው ከአድሚኖቹ አንዱ ነው። ይቅርታ ጠየቃት፣ ሰበብ አልደረደረም።

26ኛው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፣ ሐሳብ ይዞ መጣ። ልጁ ሲገባ መውጫው ቀንም አብሮ ይነገረው፣ ሦስት ወር። በሳምንት ሁለት ቀን፣ በቀን ሁለት ሰዓት፣ ከዚያ በላይ አይጠየቅም። ሲጨርስ በግሩፑ ፊት ይመስገን፣ ይረፍ፣ ከፈለገ ይመለስ። ከመውጣቱ በፊት ተተኪውን ያሳይ። እንዲህ ቢሆን የ1ኛው ምላሽ ባለቤት ከነልጁ ሁለት ሰዓት አያጣም ነበር።

27ኛው ሳቀበት። ደም ተራ አይጠብቅም፣ ሌሊት ሰው ሲሞት ተረኛው ማነው እያላችሁ ወረቀት ታገላብጣላችሁ አለ። ብዙ ሰው ደገፈው። 28ኛዋ ነርስ ናት። ተረጋግታ መለሰችለት። ሆስፒታል በተራ የሚሠራው በሽተኛ ስለማይጠብቅ ነው። ሁሉም ሁልጊዜ ተጠሪ የሆነበት ቦታ ሌሊት ላይ የሚነሳ ሰው አይኖርም፣ እያንዳንዱ ሌላው ያያል ብሎ ይተኛል። የሽንሌው ሰው ያደረበትም ምክንያት ይኸው ነው አለች። ከዚህ በኋላ 27ኛው አቦ ይሁን ብሎ ለቀቀ፣ ግን አንድ ነገር አስገባ። ተራው ሲወጣ በሰዓት ብቻ ሳይሆን በቋንቋም ይውጣ። በየምሽቱ ሦስቱም ቋንቋ ሰው ይኑረው። ሐሳቡን ያሟላው የተቃወመው ሰው ነው፣ እዚህ ላይ አክብሮቴን እገልጻለሁ።

30ኛው ላይ 24ኛዋ ተመለሰች። ማክሰኞ ምሽት እይዛለሁ፣ ግን ሌላ ሶማሊኛ የሚጽፍ ሰው ካለ ብቻ፣ ብቻዬን አልገባም አለች። 31ኛው መልካ ጀብዱ የሚኖር ልጅ ነው፣ ሐሙስን ያዘ፣ እሷ ባልቻለች ቀንም እሱን ጥሩት አለ። 32ኛው የ20ኛው የአፎሻ ሰው ነው። በየሳምንቱ ድምፃቸው የጠፋ ልጆችን እየደወለ ለመጠየቅ ፈቃደኛ ሆኗል፣ ተመለሱ ሳይል፣ ደህንነታቸውን ብቻ።

እስካሁን ያለን ይህ ነው። ሶማሊኛ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ምሽት ሰው አለ። ኦሮምኛ፣ አንድ ሰው ብቻ፣ እሱም ቅዳሜና እሁድ። የቀሩት የሥራ ቀን ምሽቶች ባዶ ናቸው። ኦሮምኛ የምትጽፉ ከዚህ በታች ቀንና ሰዓታችሁን ብቻ አስቀምጡ። ስልክ ቁጥር አትጻፉ፣ የግሩፑ ሲም እስኪወጣ በውስጥ መስመር እኔ አገናኛችኋለሁ።